ቅዳሜ የማይዘጋው በር

ጋሽ ኢግናት መሞታቸውን ያመንኩት ቀብራቸው ላይ አይደለም። ቀብሩ ላይ ነበርኩ፤ አፈርም በእጄ በትኛለሁ፤ ልቤ ግን አላመነም። ያመንኩት በሳምንቱ፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው። ባሱ በኮልፋክስ ጎዳና ሲያልፍ እንደ ልማዴ አንገቴን አስግጌ ወደ ቤታቸው አየሁ። በሩ ተዘግቷል። ቅዳሜ ቀን ያ በር ተዘግቶ አይቼው አላውቅም። በረዶ ቢጥል፣ ንፋስ ቢነሳ፣ እሳቸው ታመው ቢተኙ እንኳን ገርበብ ብሎ ይውል ነበር። ከከሰረ ዶናት ቤት ለምነው ያመጧት፣ "ክፍት ነው" የምትለው ቀይ መብራትም ከመስኮቱ ጠፍታለች። ያን ጊዜ "ውይ፣ ጋሽ ኢግናትዬ!" ብዬ ባስ ውስጥ ጮህኩ። አጠገቤ የተቀመጠች ሜክሲኳዊት ሴትዮ ምንም ሳትጠይቀኝ እጄን ያዘችኝ።

እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም። ይሄንን የምጽፈው ልጄ ሳራ "ማሚ፣ ራስሽ ጻፊው፣ እኔ ታይፕ አደርገዋለሁ" ስላለችኝ ነው። ስለ ጋሽ ኢግናት ወገኖች፣ ስለ ኮሳክ ሕዝብ ታሪክ የማውቀውም ቤታቸውን እያጸዳሁ፣ ሾርባቸውን እያማሰልኩ የሰማሁትን ብቻ ነው። ስህተት ካለው የኔ ነው።

የኢራቅ ጦርነት በተጀመረበት ሰሞን አዛውንት ለሚንከባከብ ኤጀንሲ እሠራ ነበር፤ እነሱ ናቸው እዚያ ቤት የላኩኝ። ዴንቨር አጠገብ፣ ኦሮራ ውስጥ ነው፤ ትንሽ የጡብ ቤት። ሚስታቸው ቀደም ብለው ሞተዋል። አንዲት ልጃቸው ሊዲያ ዴንቨር ትኖራለች፤ የጥርስ ሐኪም ቢሮ ውስጥ ነው የምትሠራው። ሰውየው ረጅም፣ ጺማቸው ከአፋቸው በላይ እንደ መጥረጊያ የተንጨፈረረ፣ ልባቸው የደከመ፣ ምላሳቸው ግን ያልደከመ ነበሩ። የግራ ጆሯቸው ጫፍ ጎደሎ ነው። ጸጉራቸውን ሳስተካክል "ይሄ ምን ሆኖ ነው?" አልኳቸው።

"ተኩላ ነው" አሉኝ።

በሌላ ቀን ስጠይቃቸው ፈረስ ሆነ። በሌላ ጊዜ ደግሞ "አንድ ቦልሼቪክ፤ ርቦት ነበር" አሉ። ከዚያ ወዲያ መጠየቅ ተውኩ።

ሁለታችንም እንግሊዝኛችን ሰባራ ስለነበር ቶሎ ተግባባን። ሰባራ ለሰባራ አይተፋፈርም። ሁለታችንም ኦርቶዶክስ ነን፤ ገናን በጃንዋሪ ነው የምናከብረው፤ የጾም ቀን ሥጋ አምጪ ተብዬ ተቸግሬ አላውቅም። "አሜሪካኖቹ ልደትን ተቻኩለው ነው የሚያከብሩት፤ ልጁ ገና ምኑም አልደረሰ" እያሉ ያስቁኝ ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት ቤዝመንቱን፣ ከቤቱ ስር ያለውን ክፍል፣ እንዳጸዳ ወረድኩ። ወርጄ ደረጃው ላይ ደርቄ ቀረሁ። ከወለል እስከ ጣሪያ ካርቶን ነው። ጋዜጣ፣ ፎቶ፣ የተሰፋ ወረቀት፣ ያልተሰፋ ወረቀት። ሁሉም በማላውቀው ፊደል።

"ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?" አልኩ።

"ኮሳኮች" አሉኝ ከላይ ሆነው።

"ይሄ ሁሉ?"

"የተረፉት።"

ኮሳክ ማለት በሩሲያና በዩክሬን ትልልቅ ወንዞች ዳር የኖረ ፈረሰኛ ሕዝብ ነው። ያርሳል፣ ይዋጋል፣ ንጉሥ ያገለግላል፤ ጌታ ግን አይወድም። አብዮት ሲመጣ ብዙው ከንጉሡ ጋር ቆሞ ተሸነፈና በየአገሩ ተበተነ። የተበተኑት አርጀንቲናም አውስትራሊያም እዚህ አሜሪካም ሆነው ትዝታቸውን ሲጽፉ፣ ጋዜጣ ሲያትሙ ኖሩ፤ ከዚያ አረጁና ሞቱ። ልጆቻቸው ቋንቋውን ስለማያነቡት ካርቶኑን ለቆሻሻ መኪና ያወጡታል። ጋሽ ኢግናት ደግሞ እንዲህ ያለ ሞት በሰሙ ቁጥር ስልክ ይመታሉ፦ "አትጣሉት፤ ለኔ ላኩት።" እንደዚያ ነው ቤዝመንቱ የሞላው።

እኔ ወረቀት እፈራ ነበር። አሁንም እፈራለሁ። በቀይ ሽብር ጊዜ ታላቅ ወንድሜን ከቤት ወሰዱት። ተማሪ ነበር፤ ከፍራሹ ስር ወረቀት ተገኘበት። በማግስቱ እናቴ የቀረውን ሁሉ ምድጃ ውስጥ ከተተችው። ደብተሩን፣ የክርስትና ካርዱን፣ የትምህርት ቤት ውጤቱን። አንድ ፎቶ ነበረን፤ እኔና እሱ ቆመን የተነሳነው። እሱን በመቀስ ቆርጣ ጣለችውና የኔን ግማሽ አስቀረችው። ትከሻዬ ላይ ያረፈው እጁ ግን ሳይቆረጥ ቀረ። ከዚያ ወዲያ ስሙ በቤታችን አልተነሳም። ሰው ሲጠይቅ እናቴ "ያለችኝ ይቺ ሴት ልጅ ብቻ ናት" ትል ነበር። መርዶ አልመጣ፣ ልቅሶ አልተቀመጥን። ማልቀስም ያስይዝ ነበር።

እና እዚያ ደረጃ ላይ ቆሜ፣ ካርቶኑን እያየሁ፣ ሳላስበው ከአፌ ወጣ፦ "ጋሽ ኢግናት፣ ፖሊስ ያውቃል?"

እስኪያስሉ ሳቁ። "ሙሉ፣ እኔ ፖሊስ በመጣልኝ እያልኩ ነው! ቅዳሜ ቅዳሜ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ፤ ፖሊስም አይመጣ፣ ሰውም አይመጣ።"

እውነትም ቅዳሜ ቅዳሜ ይጠብቁ ነበር። ጠዋት በሩን ይከፍታሉ፣ ቀይዋን መብራት ያበራሉ፣ ሳሎን ውስጥ ያለውን ረጅም ጠረጴዛ ይወለውላሉ። ማንም ሰው መጥቶ የፈለገውን ካርቶን ማየት ይችላል። ሕጋቸው እጅህን ታጠብ፣ በእርሳስ እንጂ በእስክሪብቶ አትጻፍ፣ ያወጣኸውን ቦታው መልስ፣ በቃ። ማን ነህ፣ ከየት ነህ፣ የማን ወገን ነህ ብለው አይጠይቁም። ሊዲያ "አባ፣ ቢያንስ ስማቸውን ጻፍ፤ የሚሰርቅ ይመጣል" ትላቸዋለች። እሳቸው ደግሞ "የተቆለፈ ወረቀት የሚያነበው አይጥ ብቻ ነው" ይሏታል። ይቺን አባባል ስንቴ እንደሰማኋት!

በዚህች በር የገባውን ሰው ብነግራችሁ ጉድ ትላላችሁ። አንዴ አንድ ጎልማሳ ጎራዴ ታጥቆ፣ ደረቱን በሜዳሊያ ሞልቶ መጣ። አያቴ የኮሳክ ጦር አዛዥ ነበር፣ ታሪኩን ልይ አለ። ጋሽ ኢግናት ካርቶን አወጡለትና አብረው ሲያገላብጡ ዋሉ። ለካ አያትየው የጦሩ ልብስ ሰፊ ኖረዋል። ሰውየው ፊቱ ጥላሸት መሰለ። ጋሽ ኢግናት ትከሻውን መታ መታ አደረጉና "ምን ያሳፍርሃል? ያለ ልብስ ሰፊ እኮ አዛዡም ራቁቱን ነው" አሉት። ሲሄድ ጎራዴውን ረስቶት ሄደ። ስንጠራው እንኳን አልተመለሰም።

ሚስተር ሶል የመጡበትን ቀን ግን አልረሳውም። ሽማግሌ አይሁዳዊ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ ጫማ ሻጭ። በሩ ላይ ቆመው ባርኔጣቸውን ሳያወልቁ ተናገሩ። "አያቴን የገደሏት ኮሳኮች ናቸው። ከተማችን ገብተው። የትኛው ጦር እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ።" እኔ አሁን ይጣላሉ ብዬ ፈራሁ። ጋሽ ኢግናት ግን የከተማውን ስም ጠየቁ። ሲነገራቸው "እጅዎን ይታጠቡ" አሏቸው። ራሳቸው ቤዝመንት ወረዱ። በዚያ ደካማ ልባቸው ካርቶኑን ተሸክመው ወጡና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ከውስጡ አንድ ፎቶ መዘው አወጡ፤ ፈረሰኞች ተሰልፈው የተነሱት ነው።

"ይሄ ነው ጦሩ" አሉ። ጣታቸውን አንዱ ፈረሰኛ ላይ አሳረፉ። "ይሄ አባቴ ነው። እዚያች ከተማ ምን እንዳደረገ አላውቅም። የጻፉት ሰዎች አሉ፤ እዚህ ውስጥ ነው። እኔ አንብቤዋለሁ። እርስዎም ያንብቡት።"

ሚስተር ሶል ባርኔጣቸውን ያወለቁት ያን ጊዜ ነው። ቋንቋውን ስለማያነቡት ጋሽ ኢግናት ራሳቸው እያነበቡ ነገሯቸው፤ መጥፎውንም ሳይዘሉ። እኔ ኩሽና እንደቆምኩ ሻዩ ቀዘቀዘብኝ። ከዚያ ወዲያ ሚስተር ሶል ቅዳሜ አልቀሩም።

ወሬው ሲሰማ የኮሳክ ሽማግሌዎች ተቆጥተው መጡ። አንዱ በትሩን ወለል ላይ እየቀጠቀጠ "ጉዳችንን ለባዕድ ታሳያለህ?" አለ።

"ጉዱን ሰውየው ቀድሞ ያውቀዋል፤ ያያቱ ሞት ነው" አሉ ጋሽ ኢግናት።

"ያንን ካርቶን ዝጋው! ክብራችንን የሚያሳየውን ክፈት።"

"ለወዳጅ ብቻ የሚከፈት በር የማድቤት በር ነው። የኔ የፊት በር ነው።"

ተራግመውባቸው ሄዱ። ከዚያ በኋላ ከወገኖቻቸው ለፋሲካ እንኳ እንኳን አደረሰህ ብሎ የደወለላቸው ሰው አልነበረም። እንደ ቀልድ ያደረጉት ቢመስልም ስልኩን ሲያዩት እንደሚውሉ አውቃለሁ።

ለምን በሩን እንደማይዘጉ ትንሽ የገባኝ እያደር ነው። ዓለም ሁሉ ገብቶ የሚያነብበት ቤት ያላቸው ሰውዬ፣ እሳቸው ራሳቸው የሚፈልጉትን አንድ መዝገብ ለማየት ዕድሜያቸውን ሙሉ ተከልክለዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በትልቁ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ብዙ ኮሳክ ከጀርመን ጋር ተሰልፎ ከአገር ወጥቶ ነበር። "አንዳንዶቻችን የጀርመንን ዳቦ በልተናል፤ እሱም ካርቶን ውስጥ አለ" ይላሉ። ጦርነቱ ሲያልቅ፣ ሸሽቶ በሰፈረበት ባዕድ አገር፣ ተዋጊውም፣ ሴቱም፣ ሕፃኑም ሳይለይ ተይዞ ለሶቪየት ተላልፎ ተሰጠ። ጋሽ ኢግናት ያኔ ጉርምስና ላይ ነበሩ፤ ታናሽ እህታቸው ኒዩራ ገና የስድስት ዓመት ልጅ። አባታቸው መንገድ ላይ ሞተዋል። ወታደሮቹ የመጡ ቀን እናታቸው ባልዲ ሰጥተው "ጫካ ውስጥ ካለው ምንጭ ውሃ ቅዳ፤ እስክጠራህ እንዳትመለስ" አሏቸው። ምንጩ ጋ ተቀምጠው ጠበቁ። የጠራ የለም። ሲመለሱ ሰፈሩ ባዶ ነው። ባልዲው ሙሉ ውሃ ነበር አሉኝ።

እናትና እህት ምን ሆኑ? መዝገቡ አገራቸው አለ፤ የታሰረው፣ የተጫነው፣ የሞተው ሁሉ ተጽፏል። ሶቪየት ሲፈርስ "ይከፈታል" ተባለና ጻፉ። የመጣው መልስ "የሚታየው ለቤተሰብ ብቻ ነው፤ ዝምድናዎን በሰነድ ያስረዱ" የሚል ነው። ሰነድ ከየት ይምጣ?

"እናቴ አቃጠለችው" አሉኝ አንድ ቀን ጸጉራቸውን እያበጠርኩ። "ከመንደር ስንሸሽ ምድጃ ውስጥ ከተተችው። ስማችን እንዳይታወቅ።"

ማበጠሪያው ከእጄ ወደቀ። "የኔም እናት" አልኩ። እንደዚያ ነው ስለ ወንድሜ የነገርኳቸው። ስሙን ግን አልነገርኳቸውም። እሳቸውም አልጠየቁም። ማንንም አይጠይቁም ነበርና።

ቤቴ ግን የሚጠይቀኝ አላጣሁም። ሳራ ያቺን ግማሽ ፎቶ ሻንጣዬ ውስጥ ያገኘቻት ገና ልጅ ሆና ነው። "ማሚ፣ ይሄ እጅ የማነው?" ትለኛለች።

"የሰው።"

"የሰው መሆኑንማ አያለሁ! ሁ ኢዝ ሂ?"

"ዝም በይ፤ አርፈሽ ትምህርትሽን ተማሪ።"

ኮሌጅ ከገባች ደግሞ ባሰባት። አገር ቤት እሄዳለሁ፣ መዝገብ አለ አሉ፣ ስሙን ብቻ ንገሪኝ አለችኝ። እኔ ያ ወሬ ሲነሳ ወደ ኩሽና እሸሻለሁ። አገር ቤት ምርጫው ከተረበሸ ገና ቅርብ ነበር። ልጄ መዝገብ ጠይቃ ብትወሰድብኝስ? አፓርታማዬ በር ላይ ሦስት መቆለፊያ አለ፤ በላዩ ወንበር አስደግፋለሁ። ሳራ ከክላስ ስትገባ በሩን እስክከፍትላት ድረስ ኮሪደር ቆማ "ማሚ፣ ኤፍቢአይ እኮ አይደለሁም" እያለች ትነጫነጫለች።

እናቴ አዲስ አበባ ያረፈች ጊዜ የማኅበራችን ሴቶች ማለዳ በሬን አንኳኩ። በቀዳዳው አየሁ፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ሌላ ነገር አያስፈልገኝም ነበር፤ ወለሉ ላይ ወደቅኩ። ሥራ ስመለስ ጋሽ ኢግናት "ያንን ነጭ ልብስ ለምን ገልብጠሽ ለበስሽው?" አሉኝ። ነገርኳቸው። የሐዘን ነው፤ እኛ ሰው ብቻውን እያለ አናረዳም፤ ተሰብስበን፣ በማለዳ ነው አልኳቸው።

"ጥሩ ልማድ ነው" አሉ። "እኛን የሚያረዳን ወረቀት ነው። ወረቀት ደግሞ ብቻውን ነው የሚመጣው።"

"ከዚያ ልቅሶ እንቀመጣለን። ልቅሶ ቤት በሩ አይዘጋም። የማያውቁት ሰውም ይገባል፤ ማን ነህ አይባልም።"

 ጋሽ ኢግናት ዞረው ወደ በራቸው አዩ።

ሚሊኒየማችንን ባከበርንበት ዓመት ልባቸው ጭራሽ ደከመ። ሐኪም ከእንግዲህ ቤት ይሁኑ አለ። አልጋቸውን ሳሎን፣ ከጠረጴዛው አጠገብ አደረግነው። ቅዳሜ ሲመጣ ሰው እጁን እየታጠበ በአልጋቸው ዙሪያ ያነባል። እሳቸው በጠዋት በጠዋት የሚጠይቁት ያንኑ ነው፦ "ከአገር ደብዳቤ መጣ?" አልመጣም እላለሁ። ሌላ ነገር የሚፈልጉ አይመስልም ነበር። የሚቆዩትም ለእሱ ብቻ ነው።

ታማራ የምትባል ሴት ነበረች። ያገራቸው ልጅ ናት፤ የታሪክ ተማሪ ሆና አንድ ክረምት ዴንቨር በነበረችበት ጊዜ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ስታነብ የኖረች። አገሯ ተመልሳ ሥራ ይዛለች። እሷ ለጥናቷ መዝገቡን እንድታይ ተፈቀደላት። አንድ ሐሙስ ቀን ለሊዲያ ደወለች። ሊዲያ ኩሽና ውስጥ ነበረች፤ ስልኩን ዘግታ ወንበር ላይ ዝርግት አለች።

"ሙሉ፣ አባቴ እንዳይሰማ። በሩን ግፊው።"

ገፋሁት። ነገረችኝ። እናትየው ገና ባቡሩ ላይ ሳሉ ነው የሞቱት። ኒዩራ ግን ተርፋለች። ሕፃናት ማሳደጊያ አደገች፤ ልብስ ትሰፋ ነበር፤ ሳይቤሪያ ውስጥ አንዲት ከተማ ኖራ የሞተችው ካቻምና ነው። ካቻምና! እኛ እዚህ ቁጭ ብለን ሾርባ ስንጠጣ። ይሄ ብቻ ቢሆን በተቻለ። እሷም ወንድሟን ፈልጋ አመልክታ ነበር። እሷንም ዝምድናሽን በሰነድ አስረጂ ብለዋታል። የሁለቱም ማመልከቻ አንድ መዝገብ ውስጥ ተያይዞ ተቀምጧል፤ ሁለቱን አንድ ላይ የማየት መብት ያለው ሰው አልነበረም።

ሊዲያ አይኗን ጠረገች። "አልነግረውም። ልቡ አይችልም። ተስፋ እያደረገ ይሂድ።"

ኤጀንሲው በቤተሰብ ጉዳይ እንዳንገባ አስጠንቅቆናል። ሥራዬን ባጣ ሳራ ትምህርቷን ታቆማለች። ሰው ፊት ቃል ተናግሬ የማላውቅ ፈሪ ሴት ነኝ። ግን ተናገርኩ።

"በኛም አገር እንደብቃለን ሊዲያ።"

"አየሽ!"

"ልንነግር ነው ግን የምንደብቀው። ሰው እስኪሰበሰብ፣ እስኪነጋ ብቻ።"

"ሰምቶ ምን ያደርጋል?"

"ያለቅሳሉ። እኛም እናለቅሳለን።"

"ቢሞትስ?"

"አልቅሰው ይሞታሉ። እኔ ወንድሜን አላለቀስኩትም። ሠላሳ ዓመት ሆነው። እዚህ ጋ ነው ያለው" ብዬ ጉሮሮዬን አሳየኋት።

ሊዲያ የተዘጋውን በር አየች። ከዚያ "በአባቴ ቤት የተቆለፈ ነገር እኔ ላስቀምጥ ነው እንዴ?" አለች፤ ለኔ ሳይሆን ለራሷ። "ቅዳሜ ጠዋት ይሁን።"

ቅዳሜ በማለዳ ሦስት የማኅበር ሴቶች አብረውኝ መጡ። እነሱ ጋሽ ኢግናትን አያውቋቸውም፤ "ሰው ነው አይደል የሞተበት?" ብለው ነው ሥራቸውን ትተው የተነሱት። ሚስተር ሶልም መጡ። ሊዲያ እጄን ይዛ ከበስተኋላዬ ገባች። ጋሽ ኢግናት ነቅተው ነበር። ሴቶቹን ተራ በተራ አዩ። ከዚያ አይናቸው ነጠላዎቹ ላይ አረፈ። ወደኔ ዞሩ።

"ሙሉ" አሉ፤ "ገልብጠው ለብሰዋል።"

ወደ አልጋቸው ተጠጋሁ።

"የትኛዋ ናት? እናቴ ናት ወይስ ትንሿ?"

"ሁለቱም ጋሽ ኢግናት።"

ሊዲያ ተንበርክካ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ምንም ሳታስቀር። ባቡሩን ሰሙ። ሳይቤሪያን ሰሙ። ካቻምናን ሲሰሙ አይናቸውን ጨፈኑ። ማመልከቻዋ ጋ ስትደርስ ግን እጃቸውን አነሱ።

"ምን ብላ ነው የጻፈችው? ቃሉን ንገሪኝ።"

ታማራ ቃል በቃል ነግራት ሊዲያ በወረቀት ይዛው ነበር፤ አነበበችላቸው። "ወንድሜ ኢግናት ይባላል። ሰነድ የለኝም። እናታችን ውሃ ቅዳ ብላ ልካው ነው የቀረው። ካገኛችሁት በግራ ጆሮው ታውቁታላችሁ፤ ጫፉ ጎደሎ ነው። ልጅ ሆነን ስንጣላ የነከስኩት እኔ ነኝ። ይቅርታ እንድጠይቀው እፈልጋለሁ።"

እጃቸው ቀስ ብሎ ወደ ጆሯቸው ሄደ። ያዙት። እንደዚያ እንደያዙ ከሆዳቸው የወጣው ድምፅ፣ ምን ልበላችሁ፣ የሽማግሌ ድምፅ አይደለም። ባልዲ የያዘ ልጅ ድምፅ ነው። ሴቶቹ በአንድ ጊዜ ዋይ አሉ። እነሱ የሚያለቅሱት በአማርኛ፣ እሳቸው በሩሲያኛ፣ ሊዲያ በእንግሊዝኛ። ሚስተር ሶል አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው የጋሽ ኢግናትን እግር በብርድ ልብሱ ላይ ይዘው አለቀሱ፤ የዚያ ፈረሰኛ ልጅ እግር ነው እኮ።

ቆይተው ሲረጋጉ "ፈልጋኝ ነበር" አሉ። ደግመው ደጋግመው ይቺኑ ቃል አሉ። "ፈልጋኝ ነበር።" ከዚያ ወደ በሩ አዩ። "ዛሬ ቅዳሜ አይደለም? ለምን ተዘጋ?"

ከፈትኩት።

"የኒዩራን ቃል ጠረጴዛው ላይ አድርጉት። ማንም ይየው። ምናልባት የነከሰችውን ጆሮ የምትፈልግ የሌላ ሰው እህት ትኖር ይሆናል።"

ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም። ደብዳቤ መጣ ወይ ብለውም አልጠየቁኝም።

ቤቱ ተሸጠ። ካርቶኖቹን ሊዲያ በደህና ይቀመጥ ብላ ለአንድ ትልቅ ቤተ መጻሕፍት ሰጠች። ክፉ አላደረገችም፤ የት ታድርገው? አንድ ከሰዓት ሥራ ሳይኖረኝ የኒዩራን ቃል ልየው ብዬ ሄድኩ። አነበዋለሁ ብዬ አይደለም፤ ልየው ብዬ ነው። ሽንት ቤት ገብቼ እጄን ታጠብኩ። መቀበያው ጋ ያለችው ልጅ በጣም ትሁት ናት። ተመራማሪ ነሽ ወይ አለችኝ። አይደለሁም አልኳት። ከየትኛው ተቋም ነው የመጣሽው አለችኝ። የሰው ቤት ነው የማጸዳው አልኳት። አዝና አየችኝና ካርቶኖቹ ገና አልተለዩም፣ ሲለዩም ፈቃድ ያስፈልጋል አለችኝ። እርሳስ ይዤ ነበር። ቦርሳዬ ውስጥ መልሼ ከተትኩትና ወጣሁ።

ባስ ፌርማታው ላይ ተቀምጬ ስለዚያ በር አሰብኩ። ማን ነህ የማይባልበት፣ የማያውቁት ሰው የሚገባበት፣ ጠላትም ገብቶ የሚቀመጥበት። ለካ ሰውዬው ሬሳ አጥተው፣ መርዶ አጥተው፣ ብቻቸውን ልቅሶ ተቀምጠው ነው የኖሩት። ልቅሶ ቤት ነበር ያ ቤት። እኔ ያን ሁሉ ጊዜ ስወጣ ስገባ፣ እኔ የልቅሶ አገር ሰው፣ አላወቅኩትም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ማለዳ ተነሳሁ። ወንበሩን ከበሩ አነሳሁ። ሦስቱንም መቆለፊያ ፈታሁና በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩት። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለበስኩና ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ኮሪደር ላይ ሰው ባለፈ ቁጥር ዞሬ አያለሁ። ሳራ አይኗን እያሸች ከመኝታ ቤት ወጣች።

"ማሚ! በሩ ክፍት ነው!"

"ይሁን።"

ነጠላዬን አየችው። ፊቷ ተለወጠ። "ማን ሞተ?"

"አጎትሽ።"

"የትኛው አጎቴ? መቼ?"

"አንቺ ሳትወለጂ።"

ያቺን ግማሽ ፎቶ ከጉያዬ አውጥቼ ሰጠኋት። አጠገቤ ተቀመጠች። ትከሻዬ ላይ ያለውን እጅ በጣቷ ነካችው። እናቴ ምድጃው አጠገብ ቆማ አፌን ስትይዘኝ ታየኝ።

"መስፍን" አልኩ። "መስፍን ነው ስሙ።"

ከዚያ ጮክ ብዬ አለቀስኩ። ከፊት ለፊት የሚኖሩት ሶማሌዋ እናት ድምፄን ሰምተው መጡ፤ ማን ሞተ ብለው አልጠየቁም። ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ገቡና ተቀመጡ።